ከሽቦው አውርጂልኝ

በቅሎዋ የወንድሜ ነበረች። የምንኖረው ላሊበላ ከገበያው በታች ነው፤ ወንድሜ እንግዶችን በእሷ እየጫነ ወደ ተራራው ያወጣ ነበር። አንድ የነሐሴ ማለዳ፣ ነፋስና ዝናብ ሲፈራረቅ አድሮ፣ ከደጃችን በታች ባለው መንገድ ላይ የመብራት ሽቦ ተበጥሶ ወድቋል። ጎርፉ ስለሸፈነው ማንም አላየውም። በቅሎዋ ሰው ሳትጭን ከፊት ትሄዳለች፤ ወንድሜ ሦስት አራት እርምጃ ከኋላዋ ነው። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ የልጄን ፀጉር እጎነጉናለሁ። በቅሎዋ ውኃው ውስጥ ገባች፤ ከዚያ በጎኗ ወደቀች። አልጮኸችም፤ አልተንፈራገጠችም። ጎረቤት ሮጦ ወንድሜን በጋቢው ጎትቶ አስቀረው።

ልጄን እጇን ይዤ ወደ ቤት አስገባሁና በሩን ዘጋሁ። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ፀጉሯ እኩሉ ተጎንጉኖ እኩሉ እንደተፈታ ቀረ። ሽቦው ተነስቶ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ፣

«እማዬ፣ አጎቴ ለምን አልሞተም?» አለችኝ።

በጥፊ መታኋት። ሟርት መስሎኝ ነው። አልቅሳ ስታበቃ ግን ጥያቄዋን አልተወችውም።

«እሱም እዚያው ቆሞ ነበር እኮ። በቅሎዋ ብቻ ለምን?»

«እግዜር ስላተረፈው ነዋ።»

«በቅሎዋንስ ለምን አላተረፋትም?»

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አባቷ ገና ሳትድህ በሕመም አርፎብኝ፣ ያሳደግኋት ጧፍ እየሠራሁ ነው። ፈትል ሰም ውስጥ እየነከርኩ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እያንከባለልኩ፣ በየበዓሉ ለምእመናን እሸጣለሁ። ጧፍ የሚያቃጥለው የያዘውን ጣት ነው፤ ሰው ያየዋል፤ ይጠነቀቀዋል። ያ ሽቦ ግን ሳይታይ ነው የገደለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማብሪያና ማጥፊያውን የምነካው እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ ነው። ልጄ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘችውን የእጅ ባትሪና የተሰበረ ሬዲዮ ሁሉ መፍታት ጀመረች።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምን ልትማር እንደመረጠች በስልክ ስትነግረኝ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ።

«ስንት ትምህርት እያለ መብራት? ነርስነት የለም? መምህርነት የለም?»

«መምህርም እሆናለሁ እማዬ፤ የመብራት መምህር።» ሳቀች።

በእርግጥም ሆነች። በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቃ፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትይዝ፣ እዚያው የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አድርጎ አስቀራት። ከላሊበላ የሁለት ቀን መንገድ ነው። አንድ ጊዜ ወስዳ የምታስተምርበትን ወርክሾፕ አሳየችኝ። ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሽቦ በተተበተበበት ትልቅ ሰሌዳ ፊት ቆማ ነበር። ወንዶቹ ተማሪዎች «መምህርት፣ ይሄን ልንካው?» ይሏታል፤ እሷ «ቆይ፣ መጀመሪያ ለካ» ትላቸዋለች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ።

በዚያው ቀን፣ ምሳ እየበላን ሳለ፣ ድንገት የበቅሎዋን ነገር አነሳች።

«የበቅሎ የፊትና የኋላ እግር ይራራቃል። ሽቦ መሬት ላይ ሲወድቅ ኃይሉ መሬቱ ላይ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የፊት እግሯና የኋላ እግሯ ያለበት ቦታ ላይ ኃይሉ እኩል አይደለም፤ ልዩነቱ በሰውነቷ ውስጥ አለፈ። አጎቴ ግን ከሽቦው ራቅ ብሎ፣ እግሩን ገጥሞ ነበር የቆመው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ለዚህ ነው» አለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ ይዛው እንደኖረች ያኔ ገባኝ። እኔም ይዤው ነበር፤ እኔ የያዝኩት ግን በቅሎዋ በጎኗ መውደቋን ብቻ ነው።

የእኔ የትውልድ ቀዬ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የላስታ መንደር ናት። እህቴ እዚያው ነው የምትኖረው። ከመንደሩ በላይ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ወንዝ አለ፤ መብራት ግን የለም። እናቶች የሚወልዱት በስልክ ባትሪ ብርሃን ነው። ልጄ በእረፍቷ እህቴን ልትጠይቅ ወጥታ፣ ወንዙን አይታ ተመለሰችና፣

«እማዬ፣ ያ ውኃ ባዶውን ነው የሚወርደው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት ባገኘች ቁጥር ተማሪዎቿን ይዛ እዚያ ነበረች። ውኃውን በቦይ ጠልፋ፣ የሚያዞረው ማሽን ተክላ፣ ጤና ጣቢያውንና መንደሩን ልታበራ ነው። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀባት። እህቴ ምላሷ ስለት ነው፤ «የኛ መሐንዲስ፣ ወንዛችንን ልትሸጭው ነው ወይስ ልታገቢው?» ትላታለች። ልጄም «ጥሎሽ አምጥቼ አገባዋለሁ» ትላለች። ወዲያው ግን ሰዉ አመነና ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ለምሰሶ ልጦ፣ ከጤና ጣቢያው በር ላይ ደረደረ።

አንድ ቀን እኔም አብሬያት ወጣሁ። ወንዙ በየወሩ ምን ያህል እንደሚቀንስ ማወቅ አለባት፤ የምትለካውም በቀላል ነገር ነው፤ በቧንቧ ወደ ባልዲ ታወርደዋለች፤ ባልዲው በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ በስልኳ ትቆጥራለች። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ጠፋባት። እኔ «አባታችን ሆይ» እያልኩ ልቁጠርልሽ ብላት ሳቀች፤ ግን እሺ አለች። እኔ ደገምኩ፣ ባልዲው ሞላ። አንዱ ተማሪዋ ስልኩን ሰጥቷት እንደገና በሁለቱም ለካችውና በደብተሯ ላይ የእኔ አንድ አባታችን ሆይ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ጻፈች። «የእማዬ ሰዓት ባትሪ አይጨርስም» አለች ለተማሪዎቹ። በሕይወቴ ለትምህርቷ የጠቀምኳት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

በማግስቱ የሙከራ ማሽን ሲያስነሱ እኔ እህቴ ቤት ነበርኩ። ልጄ ቀኝ እጇን በሻሽ ጠቅልላ ገባች።

«ምን ሆንሽ?»

«ሻይ ነው ያቃጠለኝ።»

ሻይ መዳፍ መሐል እንደዚያ አያቃጥልም። በነጋታው ማለዳ ለብቻዬ ወደ መንደሩ ማርያም ሄድኩና ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበረከክሁ። «እመቤቴ፣ ልጄን ከሽቦው አውርጂልኝ። እንደ ሰው ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጪልኝ። ጃንጥላ አገባልሻለሁ» አልኩ። ተሳልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ስለቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ልጄ ደወለች። ድምፅዋ ይቸኩላል። «እማዬ፣ ሁለት ነገር መጣልኝ። አንደኛው፣ ዩኒቨርሲቲው ሁለት ዓመት ፈቅዶልኝ፣ አንቺ ጋ እየኖርኩ የወንዙን ሥራ ልጨርስ። ሁለተኛው ደግሞ የአስተዳደር ምክትል ፕሬዚዳንት ሁኚ ብለውኛል። ትልቅ ሹመት ነው። ግን ልቤ ወደ ወንዙ ነው። ምን ትያለሽ?»

አንቺ ጋ እየኖርኩ ስትለኝ ልቤ ዘለለ። ወዲያው የተጠቀለለው እጇ ታየኝ። ከእሱ በፊትም በቅሎዋ።

በዚያ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ የደም ግፊቴን ተለክቼ ነበር። ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንሺ ነው ያሉኝ። እኔ ግን ለልጄ፣ «ሐኪሙ ልብሽ አንድ ድንጋጤ አይችልም ብሎኛል። አንቺ ሽቦ ላይ ስትውይ እኔ በየቀኑ እሞታለሁ። እንደወደድሽ አድርጊ» አልኳት።

«እንደወደድሽ» ብሎ ማሰር እንዳለ እኔም እሷም እናውቃለን። «እሺ እማዬ» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ደኅና ሁኚልኝ እንጂ።»

ጎረቤት ሁሉ ቤቴ መጥቶ እልል አለ። «ልጅሽ ሹም ሆነች!» ይሉኛል። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ጥቂት ቆይቶ ቢሮዋን ለማየት ሄድኩ። ከበሩ ውጭ የተቀመጠችው ጸሐፊ «እማማ፣ ቀጠሮ አለዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጄ ሰምታ ወጣችና አቅፋ አስገባችኝ። ወንበሩ ሰፊ ነው፤ ስትቀመጥበት ትንሽ መሰለችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ማኅተምና ፋይል ተከምሯል። እስክሪብቶ መያዣው ውስጥ፣ ከእስክሪብቶዎቹ መሐል፣ በወርክሾፑ ጊዜ ከኪሷ የማይጠፋው ካቻቪቴ ቆሟል። አንዴ ከጣሪያው መብራቶች አንዱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ቀና ብላ አየችው። እጇ ወደ ካቻቪቴው ሄደ፤ ከዚያ መለሰችውና ስልክ አንስታ «የጥገና መጠየቂያ ሙሉልኝ» አለች።

እኔ ያን ቀን ያየሁት ወንበሩን ነው። ተሳክቶልኛል ብዬ ነው ከዚያ የወጣሁት። ስመለስ ጃንጥላውን ገዛሁ፤ ዙሪያው ዘርፍ ያለው፣ ቀይ ሐር።

ልጄ ጃንጥላ ላስገባ መሆኔን ሰምታ ለኅዳር ጽዮን ፈቃድ ወስዳ መጣች። «ስለ ጤናሽ የተሳልሽው አይደል? እኔም ላመሰግን» አለችኝ። አይደለም አላልኳትም። አዎም አላልኳትም። ጃንጥላውን መኪናው ውስጥ ጭኗ ላይ አስተኝታ ይዛልኝ ሄደች።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ በእኛ አገር የተሳለ ሰው ስለቱ ሲሰምርለት በበዓሉ ቀን ይዞ ይሄዳል፤ ምን ብሎ እንደተሳለም ለሕዝቡ ይነገራል። የተደረገለትን መደበቅ ውለታ መካድ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነበር። ደርሰን ስናይ ግን ዛፉ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ዝም ብሏል። ተበላሽቷል አሉ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ስለቱን የሚያሰሙትን መሪጌታ የሚሰማው ከፊት የቆመው ብቻ ነው፤ ልጄ ደግሞ ከእህቴ ጋር ከዋርካው ሥር ናት። ልቤ ተረጋጋ። ስለት ወደሚቀበሉት መሪጌታ ቀርቤ ጃንጥላውን ሰጠሁ።

«ስለ ምን ነበር ልጄ?»

ማርያም ደጅ ላይ ቆሞ አይዋሽም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ያንኑ ያልኩትን ነገርኳቸው። «ተአምር ነው!» አሉ። «ይህማ ለሁሉም ይሰማ።» ቀና ብለውም፣ «ከመሐላችሁ የዚህ ነገር ዕውቀት ያለው የለም?» ብለው ወደ ማጉያው ጠቆሙ።

እህቴ ናት ቀድማ የጮኸችው። «አለች እንጂ! የእህቴ ልጅ አለችላችሁ። መንደር ታበራለች ብላ እንጨት አስቆርጣን፣ ሹም ሆና ቀረች፤ እስቲ ይሄን እንኳን ታናግርልን!» ሰዉ ሳቀ። ልጄም ሳቀች። በሹመት ጫማዋ ድንጋዩ ላይ ተንበርክካ፣ ማጉያው የተያያዘበትን የመኪና ባትሪ አየች። ቢላ ጠየቀች። የዛገውን ጫፍ ፋቀችው፣ ሽቦውን ጠምዝዛ አሰረችው። ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ያን ፊት አወቅኩት፤ ከወርክሾፑ ወዲህ አላየሁትም ነበር።

«ሃሎ፣ ሃሎ» አለ ማጉያው። ሰዉ እልል አለ።

ወደ መሪጌታው ልደርስ በሴቶቹ መሐል ተጋፋሁ። «አባቴ፣ ይቆዩኝ» እላለሁ፤ ማን ይሰማል። «አንዲት የላሊበላ እናት፣» አሉ በማጉያው፣ ተራራው እየመለሰላቸው፣ «መሐንዲስ ልጄን ከኤሌክትሪክ ሽቦ አውርጂልኝ፣ ወንበር ላይ አስቀምጪልኝ ብላ ተስላ፣ እመቤታችን ሰምታት ልጇ የዩኒቨርሲቲ ሹም ሆናለች! ስለቷን አስገብታለች! እልል በሉ!»

እልል አሉ። ልጄ አሁንም እንደተንበረከከች ናት። ቢላው እጇ ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብላ «እሰይ! እንዲህ ያለች እናት አትሙትብሽ» አለቻትና ጉንጯን ሳመቻት። ልጄም «አሜን» አለች።

መኪናችን ግማሽ መንገድ ሄደ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እንደዞረች፣

«እማዬ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?»

«ጨው ቀንሺ።»

«ስለ ልብሽስ?»

«ስለ ልቤ ምንም አላለኝም።»

ጠበቅሁ። ብትጮህብኝ ብዬ ለመንኩ። እሷ ግን ጃንጥላው የነበረበትን ባዶ ጭኗን በእጇ እየዳበሰች፣ «እሺ» አለች። ያው በስልክ ያለችው ዓይነት «እሺ» ነው።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ትደውላለች፤ አንድም እሑድ አላለፋትም። ግፊትሽን ተለካሽ፣ ጨው ቀነስሽ፣ ሰሙን ማን አመጣልሽ ትለኛለች። ድሮ ግን ስትደውል የምትነግረኝ ስለ ሥራዋ ነበር፤ ምን እንደተቃጠለ፣ ምን እንደሠራ፤ ባይገባኝም እሰማ ነበር። አሁን ስጠይቃት «ስብሰባ ነበረኝ» ትላለች። ሥራዋን በደንብ ትሠራለች ይላሉ፤ በእሷ ጊዜ የሴት ተማሪዎቹ ማደሪያ ታድሷል፣ ሰው ያከብራታል። የወንዙን ሥራ እንድትመራ የፈቀዱላት ጊዜ ግን አልፏል፤ ተማሪዎቹም ተመርቀው ተበትነዋል።

ለንስሐ አባቴ ሁሉን ነግሬ፣ «አባ፣ ስለት ይመለሳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጃንጥላው ምን አደረገ ልጄ? የዋሸሽው ለእመቤታችን አይደለም። ለልጅሽ ነው። ወደ እሷ ሂጂ» አሉኝ።

ነገርኳት፣ በስልክ። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ትቼዋለሁ እማዬ» አለችኝ። ምኑን እንደተወችው ግን አልነገረችኝም።

ባለፈው ጥር እህቴን ልጠይቅ ወጣሁ። ምሰሶዎቹ እዚያው ጤና ጣቢያው በር ላይ ናቸው። ሊወልዱ የመጡ ሴቶችና አስታማሚዎቻቸው ይቀመጡባቸዋል፤ እንጨቱ በቀሚስ ተፈትጎ ለስልሷል። እኔም ተቀመጥኩ። እህቴ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ያች ልጅሽ ለዚህ ግንድ መቼ ነው የምትመጣለት? አንድደን እንጨርሰዋለን እኮ፣ ማገዶ አጥሮናል» አለች። እንደ ወትሮዋ እየቀለደች ነው። አዋላጇ ከውስጥ ወጥታ የእህቴን ስልክ ለብርሃኑ ተዋሰች፤ መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ በቀንም ያስፈልጋታል።

ተነሳሁና ባልዲ ይዤ ወደ ወንዙ ወጣሁ። ቧንቧዋ ድንጋዩ ውስጥ እንደተሻጠች አለች። ባልዲውን ከሥሯ አድርጌ «አባታችን ሆይ» ማለት ጀመርኩ። አንዱን ጨርሼ ሁለተኛውን «ስምህ ይቀደስ» ላይ ስደርስ ሞላ። እሑድ ነበር። ስልኬ እዚያ ላይ ይሠራል፤ ደወልኩላት።

«እማዬ? ምን ሆንሽ? ለምን አንቺ ደወልሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። ወንዙ ጋ ነኝ። አንድ ተኩል ሳይሞላ ነው።»

«ምኑ?»

«ባልዲው። አንድ አባታችን ሆይና ከሁለተኛው ስምህ ይቀደስ ድረስ። በጥር ነው ይሄ። ጻፊው።»

የወረቀት ድምፅ እሰማለሁ ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። የውኃው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ድንጋዩ ላይ ነው የቆምሽው?» አለች።

«አዎ።»

«እማዬ፣ ያ ድንጋይ ያንሸራትታል። ማንም የለም እዚያ? አንቺ ብቻሽን ነሽ? በይ ውረጂ። አሁኑኑ ውረጂ።» ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። «ሁለተኛ እዚያ አትውጪ። ማይልኝ።»

አልማልኩላትም። እወርዳለሁ ብቻ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባልዲውን ደፋሁና እንደገና ከቧንቧው ሥር አደረግሁት፤ ቁጥሩ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። በየካቲትም ወጥቼ ለካሁ፤ ነገርኳት። በመጋቢትም። «እሺ እማዬ፣ ስብሰባ ልገባ ነው» ትለኛለች። ትጽፈው እንደሆነ አላውቅም።